የእቴጌ እሌኒ ብዕር

የላስታና የዋግ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የንጉሥ ላሊበላ ባለቤት መስቀል ክብራ ትወሳለች። ገድል ተጽፎላታል፤ ይሁንና እርሷ የገድሉ ባለታሪክ እንጂ ደራሲ አይደለችም። በጥንቱ የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ሴት በብዛት የምትገኘው እንዲሁ ነው፤ የተጻፈላት ወይም ያስጻፈች ሆና። ብዕሩን ራሷ የጨበጠችውን የሚፈልግ ግን ከሰቆጣ ርቆ ወደ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያምን ወዳሠራችው ወደ እቴጌ እሌኒ መሻገር አለበት።

የሐድያ ገዥ ልጅ የነበረችው እሌኒ በልብነ ድንግል የልጅነት ዘመን መንግሥቱን የመራች፣ አርመናዊውን ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከች ሴት ናት። ስለ ፖለቲካ ብልሃቷ ብዙ ተብሏል። የደራሲነቷ ምስክር ግን የተገኘው ከባሕር ማዶ ነው። የልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በሊዝበን ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት የጻፈውን ዳሚያኦ ዴ ጎይሽ በ1540 እ.ኤ.አ. በላቲን አሳተመው። በዚያ መጽሐፍ እሌኒ ሁለት ድርሰቶች እንደ ጻፈች ተመዝግቧል። የላቲኑ ፊደል ስሞቹን ቢያጣምማቸውም፣ እንዚራ ስብሐትና ጸዳለ ፀሐይ መሆናቸውን ግዕዝ አዋቂ አይስተውም።

እንዚራ ስብሐት የተባለ ድርሰት ዛሬም በብራና ይገኛል። የስም መመሳሰል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ነገር ግን «አስጽፋው ይሆናል» ብሎ ማለፍም ከማስረጃ ሳይሆን ከልማድ የመነጨ ፍርድ ነው። ጸጋ ዘአብ ከአገሩ የወጣው በ1526፣ እሌኒ ከሞተች ገና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። በቤተ መንግሥት ያወቋት ሰዎች ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ።