ትልልቅ ለጋሾች እንዴት ተገኙ? ከከምባታና ከሀገራችን ታሪክ

እንደምታውቁት የሥራ አመራር ኮሚቴያችን ለሀደሮ ገበያ ነጋዴ ሴቶች የሚሆን መጋዘን ለማሠራት አስቧል። ቆጮ፣ ቅቤና ዝንጅብል ይዘው የሚመጡ እናቶቻችን ዝናብ ሲጥል ዕቃቸውን በላስቲክ ሸፍነው እንደሚቆሙ፣ ያልተሸጠውንም ተሸክመው እንደሚመለሱ ሁላችንም እናውቃለን። መጋዘኑ በአባላት ወርኃዊ መዋጮ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ስለዚህ ኮሚቴው ከፍ ያለ ገንዘብ ሊሰጡ የሚችሉ ሰዎችንና ድርጅቶችን አጥንተን ዝርዝር እንድናቀርብ እኛን የሒሳብ ክፍሉን አዟል።

ወረቀቱ ላይ አንድ ስም ሳይጻፍ ብዙ ስም ተነገረን። እገሌ ሆሳዕና ላይ ፎቅ ሠርቷል፤ የእገሊት ልጅ ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍቷል፤ እገሌ የሚባለው ድርጅት ዶላር አለው። የሰው ሀብት መቁጠር ለሁሉም ቀላል ነው። ሀብት ያለው ሁሉ ግን ሰጪ አይደለም፤ ሰጪ የሆነውም ለሁሉ አይሰጥም። ስለዚህ ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ ሰዎች ትልቅ ለጋሽ ከየት እንዳገኙ መለስ ብለን ማየት መረጥን። ደግነቱ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም፤ አንዱና ዋናው ታሪክ እዚሁ ከምባታ ውስጥ ነው ያለው።

ቦጋለች ገብሬ የተወለዱት በዱራሜ አቅራቢያ ዛቶ በምትባል መንደር ነው። ሴት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት በማትላክበት ጊዜ ውኃ ልቅዳ ብለው ከቤት እየወጡ ፊደል የቆጠሩ፣ በኋላም ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ለትምህርት የሄዱ ሴት ነበሩ። አሜሪካ ሳሉ ከባድ የመኪና አደጋ ደርሶባቸዋል። ካገገሙ በኋላ ግን ማራቶን እየሮጡ ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም መጻሕፍት ላኩ። እዚህ ላይ ቆም ብለን አሰብን። አንዲት ሴት ስትሮጥ ገንዘብ የሚሰጣት ማነው? ስለ ዛቶ የሚያውቅ ሰው አይደለም። እሷን የሚያውቅ ነው፤ አብሯት የተማረ፣ አብሯት የሠራ፣ ጎረቤቷ የሆነ። የቦጋለች የመጀመሪያዎቹ ለጋሾች ለሀገር ሳይሆን ለሰው የሰጡ ነበሩ ብንል ብዙ የተሳሳትን አይመስለንም።

በ1989 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 1997) ወደ ከምባታ ተመልሰው ከእኅታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶፔን መሠረቱ። ትርጉሙ የከምባታ ሴቶች በአንድነት ቆመው እንደማለት ነው፤ ብዙዎቻችን ኬኤምጂ ብለን እንጠራዋለን። መነሻ ገንዘቡ 5,000 ዶላር ነበር። ቦጋለች ይዘው የመጡት ሐሳብ ስለ ሴት ልጅ ግርዛት፣ ስለ ጠለፋና ስለ ኤችአይቪ ኤድስ ለመነጋገር ነበር። የአካባቢው ሰው ግን መጀመሪያ የጠየቃቸው ድልድይ ነው። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ሰውም ወደ ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ አልነበረም። ቦጋለች «እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው» ብለው ሊመልሱት ይችሉ ነበር። አልመለሱትም፤ ገንዘብ ፈልገው ድልድዩን አሠሩ። ሰው ስለ ሌላው ጉዳይ መስማት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ለጋሽ ለሚያጠና ሰው ይህ ድልድይ ከብዙ ፕሮፖዛል የበለጠ ያስተምራል። ድልድይ ይቆጠራል፣ ይለካል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ደረሰኝ ይቀርብበታል። ከሩቅ ያለ ሰጪ በዓይኑ ያላየውን ሥራ የሚያምነው እንዲህ ባለ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ከኬኤምጂ ጋር ሠሩ። በአካባቢው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሴት ልጅ ያዳርስ የነበረው ግርዛት ከ1991 እስከ 2000 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ወደ ከመቶ 3 መውረዱ በዩኒሴፍ ጥናት ተመዝግቧል። በ2005 ዓ.ም. ግንቦት ወር ቦጋለች በብራስልስ የንጉሥ ቦድዊን ፋውንዴሽንን የአፍሪካ ልማት ሽልማት ሲቀበሉ ድርጅቱ ከተመሠረተ 16 ዓመት ሆኖት ነበር። ሽልማቱ መጨረሻ ላይ የመጣ ነው እንጂ መጀመሪያ ላይ የነበረ አይደለም። ቦጋለች ጥቅምት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ አርፈዋል።

የዚህን ታሪክ ቅደም ተከተል እንደ ሒሳብ መዝገብ ብናሰፍረው ከላይ የራስ ገንዘብና ጉልበት፣ ቀጥሎ የሚያውቁን ሰዎች፣ ቀጥሎ የሚታይ ሥራ፣ ከታች ደግሞ ትልልቆቹ ድርጅቶች ይመጣሉ። አንዳንድ ማኅበራት ይህን መዝገብ ገልብጠው ከታች ይጀምራሉ። ኤምባሲ ለኤምባሲ ደብዳቤ ሲያዞሩ ዓመት ያልቃል።

በሀገር ደረጃ ከዚህ የቀደመ ሌላ ታሪክም አለ። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሲልቪያ ፓንክረስት የምትባል እንግሊዛዊት የሴቶች መብት ታጋይ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣዋን የመጀመሪያ እትም ያወጣችው በዚያው ቀን ነው። ጋዜጣው ለ20 ዓመት ወጣ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳሉ ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምረው ነበር፤ ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ያን ጊዜ በስማቸው ሆስፒታል ይሠራ ተባለና ሲልቪያ በእንግሊዝ ገንዘብ ማሰባሰቡን ተያያዘችው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እሱ ነው።

ሲልቪያ ራሷ ባለጠጋ አልነበረችም። የነበራት የአንባቢ ዝርዝር ነው። ከጦርነቱ ጀምሮ የኢትዮጵያን ጉዳይ ሳምንት በሳምንት ሲያነብ ለኖረ ሰው ስለ ሆስፒታል ሲነገረው እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ይህን የምንለው ለራሳችንም ነው፤ ይህ መጽሔታችን የሚደርሳቸው ሰዎች ስም ዝርዝር በጽሕፈት ቤታችን አለ፤ እስከ ዛሬ ግን ከማደያ ዝርዝርነት አልፎ ተጠንቶ አያውቅም።

የካርልሃይንዝ በም ታሪክ ደግሞ ብዙ የተነገረ ስለሆነ በአጭሩ እንለፈው። ኦስትሪያዊው የፊልም ተዋናይ በ1973 ዓ.ም. ግንቦት ወር በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አንዳንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። ሲሶው አልሰጠም፤ ግን ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ፤ ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅትም ከዚያ ተወለደ። ትልቅ ገንዘብ ሁልጊዜ ከትልቅ ኪስ እንደማይመጣ ያሳያል። ይሁን እንጂ እኛ የፊልም ተዋናይ የለንም።

ስለ ገንዘብ ምንጭ ስናወራ ሕጉን ዘለን ማለፍ አንችልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በሴቶች መብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ ምንጭ ከመቶ 10 በላይ ገቢ እንዳያገኝ ደነገገ። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ግን ምን እንደሆነ በደንብ ያውቀዋል። ለተበደሉ ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ የነበረው ይህ ማኅበር የባንክ ሒሳቡ ታገደበት፤ ብዙዎቹን ሠራተኞቹንም አሰናበተ። ሥራው መጥፎ ስለነበረ አይደለም፤ ሰጪዎቹ ባሕር ማዶ ስለነበሩ ነው። በር ላይ የቆመች ባለጉዳይ ሴት የለጋሹን ዜግነት ምን ታድርገው? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ያንን ገደብ አንሥቷል፤ ድርጅቶች ሕጋዊ የገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሠሩም ፈቅዷል፤ የአስተዳደር ወጪ ከመቶ 20 እንዳይበልጥም አዟል። እኛ ግን ከዚያ ዘመን አንድ ልማድ ይዘናል። ስለ አንድ ለጋሽ ስናጠና ስንት ይሰጣል ብቻ ሳይሆን ቢቋረጥ ስንት በር ይዘጋል ብለንም እንጠይቃለን። ከዓመት ገቢያችን ግማሹን የሚሰጥ አንድ ሰው ቢገኝ ደስታውም ስጋቱም እኩል ነው።

ይህን ከተመለከትን ራስ አገዝ ቡድኖች ለምን ከቁጠባ እንደሚጀምሩ ይገባናል። የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያንና ቴርፈንድ በ1994 ዓ.ም. ገደማ በናዝሬት በአምስት ቡድኖች ሲጀምሩ ለሴቶቹ ገንዘብ አላደሉም። ሴቶቹ በየሳምንቱ ሳንቲም እያዋጡ ለራሳቸው ይበዳደሩ ነበር። ያ አሠራር በሀገሪቱ ብዙ ቦታ ተሠራጭቷል፤ ለዕድርና ለዕቁብ ልጆች ደግሞ ብዙም እንግዳ አልነበረም። ትልቅ ለጋሽ መጥቶ «እናንተስ ምን አዋጣችሁ?» ሲል የሚቀርብለት መልስ ያ የቁጠባ ደብተር ነው።

አሁን ወደ ሀደሮ እንመለስ። ከ2004 ዓ.ም. በፊት ቢሆን ይህን ጥናት ለመሥራት የዝንጅብል ነጋዴዎችን መዝገብ ማየት ይበቃ ነበር። የአካባቢያችን ገንዘብ በዝንጅብል ይመጣ ነበር፤ አጠውልግ በሽታው ገብቶ ማሳውን እስኪያደርቀው ድረስ። ዛሬ ከከምባታና ከሀዲያ ብዙ ወጣት ደቡብ አፍሪካ ነው። ጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ላይ ወይም ከከተማ ራቅ ባለ ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ በየዓመቱ ለመስቀል ለእናቱ ይልካል፣ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፣ ለዕድር ያዋጣል። እነዚህን ልጆች «ዳያስፖራ» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ ልክ አይመስለንም። በ2000 እና በ2007 ዓ.ም. በውጭ ዜጎች ላይ በተነሣው ጥቃት ሱቃቸው የተዘረፈ፣ ሕይወታቸውንም ያጡ ኢትዮጵያውያን አሉ። ያ ገንዘብ በጥይትና በእሳት መካከል የተገኘ ነው። አንድ ልጅ ቤት ስላሠራ ብቻ ትልቅ ሰጪ ብለን ከጻፍነው፣ ዕዳውንና ወንድሞቹን ሳንቆጥር ነው የጻፍነው። ይልቅስ እናቱ የማኅበራችን አባል ከሆነች፣ እሷ ገበያ ላይ ዝናብ ሲመታት እያየ ያደገ ከሆነ፣ ከሺህ ብሩም ቢሆን ስሙ ከላይ መጻፍ አለበት።

የሀገር ውስጥ ነጋዴውን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያነሣው ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ገንዘብ፣ ሕጉ ያስቀመጠው ሁኔታ ሲሟላ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ከመቶ 10 ሳይበልጥ በወጪነት እንዲያዝ ይፈቅዳል። ይህ ለደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሕጋዊ ደረሰኝ ይፈልጋል። ያለ ደረሰኝ የተሰጠ ገንዘብ ለሰጪው ጽድቅ እንጂ ወጪ አይሆንለትም።

በዚህ ሁሉ መሠረት የምናቀርበው ዝርዝር ኮሚቴው ከጠበቀው አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ስም አራት ነገር ጽፈናል፤ ከማኅበራችን ወይም ከሀደሮ ጋር ያለው ትስስር፣ ከዚህ በፊት ለማንና ለምን እንደሰጠ፣ በእኛ በኩል ማን ሄዶ ሊያነጋግረው እንደሚገባ፣ ገንዘቡ ምን ዓይነት ግዴታ ይዞ እንደሚመጣ። የሰው ቤት ስንት ፎቅ እንዳለው፣ ባንክ ስንት እንዳስቀመጠ፣ ከማን ጋር እንደተጣላ አልጻፍንም። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ደጋፊዎቻችንም ስማችሁ በዝርዝሩ ውስጥ ሊኖር ይችላልና ስለ እናንተ የተጻፈውን መጥታችሁ ለማየት መብት አላችሁ፤ መዝገቡ በሒሳብ ክፍል ተቆልፎ ይቀመጣል።

የመጀመሪያዎቹ ስሞች የተገኙት ከአምስት ዓመት የመዋጮ ደብተሮቻችን ነው። የደቡብ አፍሪካዎቹን ስም ለማጣራት ደግሞ እናቶችን እያነጋገርን ነን፤ ቀሪዎቹን እስከ መስቀል እንጨርሳለን፤ ብዙዎቹ ልጆች የሚደውሉት ያኔ ነውና።