ባሮ ዳር የተከራየችው ወደብ፦ ጋምቤላ እንዴት ከተማ ሆነች?

የአገራችን የንግድ ታሪክ ሲነሳ ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጡት ሐረር፣ ዘይላ፣ ምጽዋ ናቸው። ፊታችን ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ ነው። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በምዕራብ በኩል መርከብ ላይ ተጭኖ ኻርቱም ይገባ እንደነበር የሰማን ግን ስንቶቻችን ነን? ያ መርከብ የሚነሳው ከጋምቤላ ነበር። ስለዚህች ከተማ ስናወራ ብዙ ጊዜ ሙቀቷንና ግጭቷን እንጂ አመሠራረቷን አናነሳም፤ ስለዚህ ዛሬ እሱን እንጨዋወት።

ነገሩ የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ሜይ 15 ቀን 1902፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ ተወካይ ጆን ሌን ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈራረሙ። ውሉ በዋናነት የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር የሚወስን ነበር። ዛሬ ስለ ዓባይ ክርክር ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው ሦስተኛውን አንቀጽ ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለውን አራተኛውን የሚያነብ የለም። ጋምቤላ የተወለደችው ግን እዚያ ውስጥ ነው።

አራተኛው አንቀጽ ለሱዳን መንግሥት በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ በኪራይ ይሰጣል። ልኩ ተቆርጧል፦ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ በስፋት ከ400 ሄክታር አይበልጥም። ለፖለቲካም ለጦርም አገልግሎት አይውልም። ኪራዩ የሚጸናውም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ሐረግ ያዙልን፣ እንመለስባታለን።

ውሉ ኢታንግን ይጥራ እንጂ ጣቢያው በመጨረሻ የተተከለው ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው ግርጌ ቀረብ ብሎ ጋምቤላ ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መርከብ በባሮ ላይ ሽቅብ የሚሄደው እስከዚያ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ መንገዱ የበቅሎና የተሸካሚ ሰው ነው። ቡና ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ ቁልቁል ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ ለወንዙ በቀረበ ቁጥር ነጋዴው ያተርፋል። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 መሆኑንም አንርሳ። ለምዕራቡ ነጋዴ ከባቡር ይልቅ ወንዙ ቅርቡ ነበር። በ1907 ወደቡና የጉምሩክ ጣቢያው ሥራ ጀመሩ።

ወንዙ ግን ዓመቱን ሙሉ አያገለግልም። ባሮ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። መርከብ የሚሄደው በሙላቱ ወራት ብቻ ስለሆነ የከተማዋ ገበያም ከውሃው ጋር ይሞላና ይጎድላል። ቡናው በበጋ ከደጋ ወርዶ መጋዘን ገብቶ ክረምትን ይጠብቃል። ለእኛ ለከተሜዎቹ ክረምት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ነው፤ ለጋምቤላ ግን መንገድ የሚከፈትበት ነበር። የሱዳን ባቡርና መርከብ ድርጅት ጋምቤላንና ኻርቱምን ያገናኝ ነበር፤ ርቀቱ 1,366 ኪሎ ሜትር ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ በክረምት ወራት መርከቦቹ በወር ሁለት ጊዜ ይመላለሱ ነበር፤ ቁልቁል ሰባት ቀን፣ ሽቅብ አሥራ አንድ ቀን። ከባሮ ወደ ሶባት፣ ከሶባት ወደ ነጭ ዓባይ፣ ከዚያ ኻርቱም።

የሚወጣው ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስ፤ የሚገባው ጨው፣ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ ነበር። ወደቡ ላይ ግሪኩ፣ ሶርያዊው፣ ሱዳናዊው፣ የደጋው ነጋዴ ይገናኛሉ። ሱዳኖች «ጀለባ» የሚሏቸው ሙስሊም ተጓዥ ነጋዴዎች በዚህ በኩልም ነበሩ፤ ዐረብኛም ከመርከቡ ጋር ሽቅብ መጣ። እስልምና ወደ አገራችን የመጣው በምሥራቅ በር ብቻ ይመስለናል፤ የምዕራቡ በርም አንድ ቀን እንዲህ ክፍት ነበር።

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። ያ 400 ሄክታር ባዶ መሬት አልነበረም። የአኙዋክ ሕዝብ በባሮ ዳር እያረሰና ዓሣ እያጠመደ ይኖር ነበር። ውሉን ደግማችሁ ብታነቡ ስሙን አታገኙትም። ንጉሡ አከራይ፣ ሱዳን ተከራይ ተባሉ፤ ባለመንደሩን የጠየቀ የለም። በሁለቱ መንግሥታት መካከል የዋለው ይህ ሕዝብ በዝሆን ጥርስ ጠመንጃ እየለወጠ ታጠቀ። በ1912 እንግሊዞች ትጥቅ እናስፈታለን ብለው ወደ አዶንጋ ሲዘምቱ ብርቱ ውጊያ ገጥሟቸው ብዙ ሰው አጡ። ስለ ከተማዋ መሥራቾች ሲወራ ምኒልክንና ሃሪንግተንን ጠርቶ መተው ለእኛ ትክክል አይመስለንም። ሻንጣውን ይዞ የመጣውን ነጋዴ ከቆጠርን ወንዙን ከሁሉም በፊት የሚያውቀውን ሰውም እንቁጠረው።

ቀሪው ፈጥኖ የሚነገር ነው። በ1936 ጣሊያን ያዛት። በ1941 መጋቢት ላይ ከቤልጂየም ኮንጎ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው አስለቀቋት። ጣቢያው እንደገና በሱዳን አስተዳደር ሥር ዋለ።

ያዙልን ያልናችሁ ሐረግስ? በጃንዋሪ 1956 ሱዳን ነፃ ወጣች። የእንግሊዝና የግብፅ አስተዳደር ሲያበቃ ኪራዩም ቃሉ አለቀ፤ ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። መርከቡም ቆይቶ ቀረ፤ የምዕራቡ ቡናም በመኪና መንገድ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ።