በዓልን የሚመዝነው ማግሥቱ ነው

የገጠሩ ሰው ቀን ሲቀጥር ቁጥር አያነሣም። «በሚካኤል ማግሥት ገበያ እንገናኝ» ይላል፤ «ላሚቱ የወለደችው አቦ ዕለት ነው» ይላል፤ «ብድርህን ለማርያም አመጣልሃለሁ» ይላል። 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 16 ኪዳነ ምሕረት፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም እያለ ወሩ በስም ይሄዳል። ገበያውም፣ ልደቱም፣ ብድሩም በእነዚሁ ስሞች ይጠራል።

እንዲህ ባለ አቆጣጠር በዓልና የሥራ ቀን አንድ ቤት ያደሩ ደባሎች ናቸው። ልደትና ጥምቀት፣ ፋሲካና መስቀል በዓመት አንዴ ደምቀው ይመጣሉ፤ ወርኃዊው መታሰቢያ ግን በየሳምንቱ ደጅ ያንኳኳል። ስለዚህ የኢትዮጵያን ክርስትና ታሪክ በነገሥታቱና በጉባኤዎቹ ብቻ መተረክ ግማሹን መተው ነው። በበዓሉ የተዘመረው እምነት በማግሥቱ በሚዛኑ፣ በማሳውና በጎረቤት ደጅ ምን ሆኖ ተገኘ? ይህ ቅኝት የሚከተለው ይህን ጥያቄ ነው።

በነጋዴ መዳፍ ላይ ያለ መስቀል

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ለውጡ ጎልቶ ከታየባቸው ነገሮች አንዱ ገንዘቡ ነበር። ቀድሞ ግማሽ ጨረቃና ክብ ይታይበት በነበረው ሳንቲም ላይ መስቀል ተተካ። መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካስቀረጹ የዓለም መንግሥታት መካከል አክሱም ከቀዳሚዎቹ ናት። መስቀሉ ከመቅደስ ወጥቶ በነጋዴው መዳፍ ላይ ዋለ ማለት ነው።

ከዚያም በፊት ቢሆን እምነቱ ከንግድ አልራቀም። ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስ በአክሱም ቤተ መንግሥት ሲያገለግል ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የጸሎት ቤት እንዲኖራቸው ይረዳ ነበር። በእስክንድርያው አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሕዝቡ «አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን» ብሎ የጠራው ይኸው ሰው ነው።

ተሰዓቱ ቅዱሳን ገዳማትን ሲመሠርቱ፣ አቡነ አረጋዊ በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ሲጸኑ፣ ሃይማኖቱ ከከተማና ከቤተ መንግሥት ወደ ተራራውና ወደ ገበሬው መንደር ዘለቀ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደነበረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ ደግሞ ዓመቱን ዜማ አለበሰው። በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ የሚዜመው ድጓ ክረምቱንም በጋውንም፣ ጾሙንም ፍስኩንም ተከትሎ የተሰደረ ነው። ዝናቡ ሲያባራና አበባው ሲፈነዳ ዜማውም አብሮ ይለወጣል። ደብተራው በማሕሌት ገበሬው በማሳ አንድ ወቅት ይጠብቃሉ።

ስለ አንዲት ቅዳሜ

በዓል ምን ያህል የኑሮ ጉዳይ እንደነበር ለማወቅ የቅዳሜን ክርክር ማስታወስ ይበቃል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ እሑድ ብቻ ሳትሆን ቅዳሜም ልትከበር ይገባል ብሎ አስተማረ። በዚህ ምክንያት አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ በአርመን ምድርም አረፈ። ደቀ መዛሙርቱ ግን አልተበተኑም። የደብረ ቢዘኑ አቡነ ፊልጶስ ስለዚሁ ትምህርት ታሰረ፤ እ.ኤ.አ. በ1404 በዐፄ ዳዊት ዘመን ተፈታ፤ ቅዳሜን የሚያከብሩትም ፈቃድ አገኙ። ነገሩ የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት በተደረገው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ።

ዘርዐ ያዕቆብ በዓልን እጅግ የወደደ ንጉሥ ነበር። የእመቤታችን በዓላት 33 ሆነው እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ያዘዘው እርሱ ነው። ነገር ግን ትእዛዙ በሰይፍ የተደገፈ ነበር። ለንጉሡ፣ ለመስቀልና ለሥዕል በታዘዘው መንገድ አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ ብርቱ መከራ ተቀበሉ። በዓሉ በዛ፤ በዓሉን ለማስከበር የፈሰሰውም ደም አብሮ በታሪክ ቀረ። እምነት በዐዋጅ ብቻ ወደ ሰው ልብ እንደማይገባ የእኛው ታሪክ ያኔ መስክሯል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ዐፄ ገላውዴዎስ ለዚያ የቅዳሜ ነገር የሰጠው መልስ ግን እስከ ዛሬ ልብ ያሞቃል። ከኢየሱሳውያን ጋር በነበረው ክርክር ኢትዮጵያውያን በአይሁድ ሥርዓት ይኖራሉ የሚል ነቀፋ በመጣ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1555 የእምነት ቃሉን ጻፈ። ቅዳሜን የምናከብራት ውሃ ባለመቅዳትና እሳት ባለማንደድ አይደለም አለ፤ ቁርባን እናቀርብባታለን፣ የፍቅር ማዕድም እንበላባታለን አለ። አገር የከፈለ ክርክር መጨረሻው ማዕድ ሆነ። የዕለቲቱ ክብር ሥራ በመፍታት ብቻ አልተወሰነም፤ አብሮ በመቁረብና አብሮ በመቁረስ ተገለጠ።

የጽዋው መንገድ

ይህ የንጉሥ መልስ በሕዝቡ ዘንድ የሚኖርበት ቤት ነበረው። ጽዋ ማኅበር ነው። አሥራ ሁለት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቅዱስ ስም ይሰባሰባሉ፤ በየወሩ በዕለቱ በአንዱ ቤት ይገናኛሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ካህኑ ይባርካል። ሲበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ባለ ተራ ይሰጣል፤ ተቀባዩም በአክብሮት ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚቀጥለው ወር ድግስ የእርሱ ዕዳ ነው። ማኅበርተኛ ተጣልቶ ጽዋ አይጠጣም፤ አስቀድሞ ሽማግሌ ያስታርቀዋል። ማኅበርተኛ ቢታመም ይጠየቃል፤ እህሉ ሳይታጨድ ቢቀር ይታጨድለታል፤ ቢሞት ልጆቹ ዘመድ አያጡም። በወር አንድ ቀን የሚውለው በዓል ሃያ ዘጠኙን ቀን የሚይዘው በዚህ ገመድ ነው።

ሰንበቴ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ባለ ተራው ያመጣው ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ በሰንበቴው ቤት ይቀርባል። ከማኅበርተኛው ጋር መንገደኛውና ደጀ ሰላም የተቀመጠው ችግረኛም ይበላል። ዝክር የሚዘክር ሰው ቤትም እንዲሁ ነው፤ በሩ አይዘጋም፤ ማን ጠራህ ተብሎ የሚጠየቅ የለም።

ቋንቋችንም ይህን ሕይወት ተሸክሞታል። የሚለምነውን ሰው «የኔ ቢጤ» እንለዋለን። የተራበው ሰው እንደ እኔ ያለ ነው፤ ዕጣው ቢገለበጥ ደጁ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ ማለት ነው። ምሽት ላይ ሳይታሰብ የደረሰውን መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» እንለዋለን። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ መሪጌታም፣ ቄስም፣ ሊቅም የሆነው በየደጁ ባገኘው እንጀራ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንቷን ያስተማረችው በእናቶች ቁራሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጾምም ከዚህ ማዕድ የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጾሙ ጥብቀት ተደንቋል። የዘይላው ማሕፉዝ ወረራውን በዐቢይ ጾም የሚያደርገው ሰው በጾም የሚደክምበትን ወራት መርጦ እንደነበረም ጽፏል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ሌሎቹ ሲደመሩ ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጸሎት፣ ስለ ጾምና ስለ ምጽዋት የሚናገሩትን አንቀጾች ተከታታይ አድርጎ ያስቀመጣቸው በከንቱ አይመስለኝም። ከአፍ የተከለከለው ለተራበ ካልደረሰ በጎተራ የተቀመጠ እህል ነው።

ያልታረቀው ማግሥት

እምነታችንን የሚወድ ሰው የጎደለውንም መናገር አለበት። በዓሉ ሁልጊዜ ማግሥቱን አላዳነም።

ጾም የሚጾም፣ ታቦት የሚያነግሥ ብዙ ጌታ በቤቱ ባሪያ ነበረው። ባርነት ፈጽሞ በሕግ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከኢዛና እስከዚያ ዐዋጅ አሥራ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ አለፈ። ጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የምእመናንን እግር ሲያጥብ ባሪያው የጌታውን እግር ያጥብ ነበር፤ በማግሥቱም ያው ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሸማ የሚሸምነው ሰው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ከጋብቻና ከማዕድ ተገፋ። ካህኑ የሚለብሰው ሸማ፣ ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ የበዓሉ ወጥ የሚሠራበት ድስት የእነዚሁ እጅ ሥራ ነበር። በአናጢ ቤት ያደገውን ጌታ የሚያመልክ ሕዝብ ባለ እጁን መናቁ የሚያስለቅስ ነገር ነው።

ተዝካርም ሌላው ፈተና ነበር። ሙታንን መዘከር መልካም ሆኖ ሳለ የሰው አፍ በመፍራት በሬውን ያረደ፣ መሬቱን ያስያዘ፣ ልጆቹን ለዕዳ ያወረሰ ቤተሰብ ብዙ ነው። ለነፍስ የታሰበው ድግስ ለስም ሲሆን ችግረኛው ከአጥር ውጭ ይቀራል፤ ወላጅ አልባውም ይራባል።

ደመራው የጠበበበት ዘመን

20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እምነትን ከበዓል አውጥቶ በሌላ መንገድ ፈተነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ በወራሪው ጣልያን ተጠይቀው እምቢ ስላሉ በአዲስ አበባ ተረሸኑ። መስቀል ይዞ መባረክና በመስቀሉ ፊት እውነት መናገር አንድ መሆኑን በደማቸው አሳዩ።

በዚያው መቶ ዘመን በከተሞች ዕድር ተስፋፋ። ዕድር የሃይማኖት ማኅበር አይደለም፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ድንኳን ያለቅሱበታል። ቢሆንም ጽዋ ሲቀባበል ያደገ ሰው ከተማ ሲገባ የጎረቤቱን ሬሳ ለብቻው መተው አልቻለምና የጽዋው ልማድ በዕድሩ ውስጥ ይተነፍሳል።

የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ለዚሁ ጥያቄ የራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ወንጌልን መስበክና ሰውን ከችግሩ ማውጣት ሊነጣጠሉ እንደማይገባ ለውጭ አጋሮቿ በደብዳቤ ገለጸች። የዚህች ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። በዚያው ዓመት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። በአንድ ቤተ መቅደስ ያልጸለዩ ሁለት አባቶች አንድ ዓይነት ሞት ተጋሩ።

በዚያ ዘመን መስቀል አደባባይ «አብዮት አደባባይ» ተባለ። መሠረተ ክርስቶስን የመሰሉ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ መሪዎቻቸው ታሰሩ፤ ምእመናኑ በየሳሎኑ በሹክሹክታ ጸለዩ። የውጭው ድምቀት ሲጠፋ እምነት በወጥ ቤትና በመኝታ ክፍል ኖረ። ብዙዎችም ክርስትናቸውን ከቀድሞው ጠለቅ አድርገው የያዙት ያን ጊዜ ነው።

በሰው አገር ወጥ ቤት

ዛሬ ይህ አቆጣጠር ባሕር ተሻግሯል። ታኅሣሥ 29 በአሜሪካ የሥራ ቀን ነው፤ ሌሊቱን ሲያስቀድስ ያደረው አባት ጠዋት መኪናውን አስነሥቶ ሥራ ይገባል፤ ጥምቀቱም ብዙ ጊዜ ወደ ቅርቡ ቅዳሜና እሑድ ይዞራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የዕረፍት ቀን ለብዙ ጊዜ ዓርብ ስለነበረ፣ በአንዳንዶቹም ዛሬም ስለሆነ፣ አገር ቤት በእሑድ የሚደረገው ጉባኤ በጾሙ ቀን ይደረጋል። ዓርብም ለመውጣት ያልተፈቀደላት የቤት ሠራተኛ ግን አለች። ለአሠሪዋ ልጆች ሥጋ እየጠበሰች እርሷ የምትጾመው ጾም ምስክር የለውም። ከበሮም፣ ቄጤማም፣ ነጭ ነጠላም የለበትም። በኢየሩሳሌም በዴር ሱልጣን፣ በጎልጎታ ጣሪያ ላይ በትናንሽ ጎጆዎች የሚኖሩት መነኮሳት ጸሎትና የእርሷ ጸሎት አንድ ቦታ ይደርሳል ብዬ አምናለሁ።

አገር ቤት በዓላቱ በዓለም ፊት ከብረዋል። መስቀል እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥምቀት በ2019 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል። ይህ ያኮራል። ነገር ግን በሰሜኑ ጦርነት በአንድ ቀን የሚጾሙ፣ በአንድ ሌሊት «ክርስቶስ ተንሥአ» የሚሉ ልጆች በምሽግ ተፋጠው ውለዋል። በዓሉ አንድ ነበር፤ ማግሥቱ ግን ጥይት ሆነ። ከዚህ የበለጠ ሊያሳፍረንና ሊያስተምረን የሚችል ነገር አላውቅም።

ተስፋዬም ከዚያው ከሕዝቡ ነው። ለገና ወደ ላሊበላ ቀናት ሙሉ በእግሩ የተጓዘውን ምእመን የከተማዋ ወጣቶች ዝቅ ብለው እግሩን ያጥቡታል። በጉራጌ ምድር መስቀል ሲደርስ የተኳረፈ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ክትፎ መቁረስ ነውር ነው። በየሰፈሩ ቅርጫ የገቡ ጎረቤቶች በሬውን እኩል መድበው ዕጣ ይጥላሉ፤ ሀብታሙም ድሃውም የደረሰውን ያነሣል። እነዚህ ከዐዋጅና ከስብከት በፊት የነበሩ ትምህርቶች ናቸው።

«ብድርህን ለማርያም አመጣልሃለሁ» ያለውን ገበሬ አልረሳሁትም። ቀኑን በቅድስቲቱ ስም ሲጠራ ቃሉን በእርሷ ፊት አስሯል። 21 ሲደርስ ያስቀድሳል፤ ጠበሉን ይጠጣል። ከዚያም ከደጀ ሰላሙ ሳይርቅ ባለ ገንዘቡን ፈልጎ በጋቢው ጫፍ የቋጠረውን ብር ይፈታለታል።