«ጎሲፕ»፦ ከክርስትና ዝምድና ወደ ሐሜት

«ጎሲፕ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ዘወትር «ሐሜት» ወይም «ሐሜተኛ» ተብሎ ይፈታል። ለዛሬው እንግሊዝኛ ፍቺው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የቆየ ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው ይህንኑ ብቻ ይዞ ቢነሣ የክርስትና አባትን ሐሜተኛ አድርጎት ያርፋል።

ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ጎድሲብ» ነበር። «ጎድ» እግዚአብሔር፣ «ሲብ» ዝምድና ማለት ነው፤ ስለዚህ ጎድሲብ በሥጋ ሳይሆን በጥምቀት የተገኘ ዘመድ ነው። በኋላ «ድ» በ«ስ» ተዋጠች፤ «ብ»ም ወደ «ፕ» ተለወጠች። (ቃሉን «ሂድና ተጎንጭ» ከሚል ትእዛዝ የሚያመጡት አሉ፤ ይህ ተረት እንጂ ሥርወ ቃል አይደለም።) የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ዉልፍስታን፣ እ.ኤ.አ. በ1014 ገደማ፣ ሀገሪቱ በዴንማርክ ወራሪዎች በታወከችበት ወቅት በጻፈው ስብከት፣ ሕዝቡን ከወቀሰባቸው ኃጢአቶች አንዱ የክርስትና ዘመዶችን ማጥፋት ነው።

በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በቾሰር «የካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ ቃሉ ሁለት መልክ ይዞ ይገኛል። ቄሱ ጎድሲብን ከሥጋ ወንድም ጋር እኩል ያደርገዋል፤ የባዝዋ ባለትዳር ግን ምስጢረኛ ወዳጇን በዚሁ ስም ትጠራለች። ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት የክርስትና ዋሱን አስቀድሞ፣ የመጠጥ ጓደኛን አስከትሎ፣ በሦስተኛው ላይ እንደ አራስ ጠያቂ ሴቶች እየዞረ ወሬ የሚያናፍስን ሰው ያስገባል። ቃሉ የሰው ስም መሆኑ ቀርቶ የወሬው ስም የሆነው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። በእኛ አስተያየት ቃሉን ያዋረደው ወንዶች ባልገቡበት የአራስ ቤት ስለሚነገረው ነገር የነበራቸው ጥርጣሬ ነው። በፈረንሳይኛም የክርስትና እናትን የሚያመለክተው «ኮሜር» የወሬኛ ሴት ስም ሆኗል።

አማርኛ ለጥንቱ ትርጉም አቻ አላጣም፤ «አበልጅ» አለ። በክርስትና አባት ወይም እናትና በሕፃኑ ወላጆች መካከል ያለውን ዝምድና የሚሰይም ሌላ ቃል መፍጠር አያሻንም። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት «ጥንት» የሚል ምልክት ተደርጎበት ከ«ሐሜት» በፊት ሊገባ ይገባል።

በሼክስፒር «የክረምት ተረት» ፓውሊና አዲስ የተወለደችውን ሕፃን ታቅፋ፣ «ልጄ አይደለችም» ወዳለው ንጉሥ ትገባለች። ሁካታው ምን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ስለ እርሱ «ጎሲፖች» እየተነጋገሩ እንደሆነ ትመልስለታለች። ክርስትና የሚያነሡለትን አበልጆች ማለቷ ነው፤ በዚህም ልጅቱ የእርሱ መሆኗን ፊት ለፊት ትነግረዋለች። ተርጓሚው «ሐሜት» ብሎ የጻፈ እንደሆነ ግን ንጉሡ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው።