ባሩዱ የማን ነው?

ስክሪኑ ደህና፣ ባትሪው ደህና፤ ስልኩ ግን አፕዴት ካየ ዓመታት አልፈውታል። አንዱ አፕሊኬሽን ከፈት ሲደረግ ደግሞ “ይህ ስልክ አይችለኝም” ብሎ እርፍ! ሰው ሁሉ “አርጅቶ ነው” ይላል። እኛ ደግሞ አላረጀም፣ ባሩዱ አልቆበት ነው እንላለን። ለምን ቢሉ፣ እስቲ አንዴ አንኮበር ደርሰን እንምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1839 ሮሼ ዴሪኩር የሚባል ፈረንሳዊ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጣ። ካመጣቸው ገጸ በረከቶች አንዱ የባሩድ ወፍጮ ነበር። በ1841 ደግሞ በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ጠመንጃና መድፍ ይዞ አንኮበር ገባ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የንግድ ውል ተፈረመ። ሁለቱ ስጦታዎች ለየቅል ናቸው። ጠመንጃ ባሩዱ ሲያልቅ ዱላ ነው። ወፍጮ ያለው ግን ባሩዱን ራሱ ሊያዘጋጅ ይችላል።

ምኒልክም ይህ የገባቸው ይመስላል። በ1879 አንኮበር የደረሰውን ስዊዛዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግን ጠመንጃ እንዲሠራላቸው አዘዙት፤ “ከውጭ መግዛቱ ይረክሳል” ቢላቸውም እሺ አላሉም ይባላል።

አሁን ወደ ኪሳችን እንመለስ። የስልካችን ካሜራ፣ ዋይፋይና ስክሪን ከአንድሮይድ ጋር የሚግባቡት ድራይቨር በሚባል ፕሮግራም ነው። የአንድሮይድ እምብርት የሆነው የሊኑክስ ከርነል ሶርስ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ከድራይቨሮቹ ብዙዎቹ ግን፣ በተለይ የግራፊክሱ፣ ቺፑን የሚሠራው ኩባንያ ኮዱን ቆልፎ ውጤቱን ብቻ የሚሰጣቸው ናቸው። አዲስ አንድሮይድ ሲመጣ የድሮው ድራይቨር አልስማማ ሊል ይችላል። ያኔ ቺፕ ሠሪው “ያንን ትቼዋለሁ” ካለ የስልኩ አምራች ቢፈልግም እጁ ይታሰራል።

ይህ ጎግልንም ነክቶታል። በ2011 የወጣው ጋላክሲ ኔክሰስ የሚሠራው በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ ነበር። ቺፕ ሠሪው በ2012 ከሞባይል ገበያ መውጣት ጀመረ። በ2013 አንድሮይድ 4.4 ሲወጣ ስልኩ ገና በሁለት ዓመቱ ተዘለለ። ጎግል “የ18 ወር የድጋፍ ጊዜው አልፏል” አለ፤ ድራይቨሩን ያድስ የነበረው ኩባንያም ገበያውን ለቅቆ ነበር።

በተቃራኒው የሆላንዱን ፌርፎን 2 እንይ። ስልኩ የወጣው በ2015 ነው። ኳልኮም ለቺፑ የሚሰጠው ድጋፍ በአንድሮይድ 6 ቢያበቃም፣ ትንሿ ኩባንያ ኮዳቸውን በነጻ በሚያካፍሉ ፕሮግራመሮች ሥራ ጭምር ታግዛ አንድሮይድ 10 አደረሰችው፤ እስከ 2023ም አፕዴት ሰጠችው። እንግዲህ ኮድ ሲገኝ ዕድሜ ይገኛል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ አንድ የስልክ ሞዴል ከገበያ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት አፕዴት እንዲያገኝ በሕግ አስገድዷል።

እኛስ? የቴክኖ ባለቤት የሆነው ትራንሽን በ2011 አዲስ አበባ ላይ ስልክ መገጣጠም ጀምሯል። ሥራ መፍጠሩ መልካም ነው። ግን እዚህ መገጣጠም የድራይቨሩን ኮድ እዚህ አያመጣውም፤ ጠመንጃው ደረሰን እንጂ ወፍጮው አልደረሰንም። ነገሩ የቅንጦት ጥያቄም አይደለም። ቴሌብር በ2021 ከመጣ ወዲህ ለደብረ ብርሃን ተማሪ ያገለገለ ስልኩ ቦርሳውም ባንኩም ሆኗል። የደኅንነት አፕዴት የቀረበት ስልክ ደግሞ ቁልፉ የተበላሸ በር ነው፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ሌባ ይገፋዋል።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ስልክ ስትገዙ “ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው?” ከማለታችሁ በፊት “አፕዴቱ እስከ መቼ ነው?” በሉ። ስልክ ወደ አገር እንዲገባ የሚፈቅደው መንግሥትም ይህንኑ ይጠይቅ። ኮምፒውተር የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ የተጣለ ስልክ ላይ አዲስ ከርነል መጫንን ለተማሪ የቤት ሥራ አድርገው ይስጡ። ምኒልክ ከውጭ መግዛቱ እንደሚረክስ ተነግሯቸውም “እዚሁ ይሠራ” ብለዋል፤ እኛ ቢያንስ መጠየቅ አያቅተንም።