ወራጅ አለ!

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ አፍንጮ በር ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከስድስት ኪሎ የተነሳ ሚኒባስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወርድ ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሾፌሩ ዳር ይይዛል። ልብ በሉ፣ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ አይቆምም፤ ትራፊክ ፖሊስ እንዳያገኘው አንድ ዓይኑ ስፖኪዮው ላይ ነው። ነጠላቸውን ሰብስበው አንዲት እናት ከበሩ ደርሰዋል።

«እማማ፣ ቶሎ ይበሉ!» ይላል ረዳቱ።

«ኧረ ቆይ ልጄ፣ መሬት ልርገጥ!»

አንድ እግራቸው ወርዷል፣ ሌላው ገና መኪናው ውስጥ ነው። «ሳበው!»

ለእኚህ እናት ስም አልሰጠኋቸውም፤ በየፌርማታው በየቀኑ የሚወርዱት ሁሉ ናቸውና። መኪናው ወደፊት ሲሳብ የውስጡ እግር አብሮ ይሄዳል፣ የውጭው ይቀራል። ወራጁ ወድቆ በእጁ ከደገፈ አንጓው ይሰበራል፤ በጎኑ ከወደቀ ዳሌው። አጥንቱ በሳሳ አዛውንት ላይ የዳሌ ስብራት ማለት የወራት አልጋ ነው፣ አንዳንዴም የማይነሱበት አልጋ።

ቁልቁለት ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። የሚኒባስ በር ሲከፈት ወደኋላ፣ ሲዘጋ ወደፊት ይንሸራተታል። አፍንጫው ወደ ታች ባዘቀዘቀ መኪና ላይ በሩ በደንብ ካልተያዘ በራሱ ክብደት ወደፊት ይመጣል፤ ለመውረድ የበሩን ማዕዘን የጨበጠ ሰው ጣቶቹ እዚያው ናቸው። ዳገቱን ሲወጡ ግን ያው በር ለመዘጋት ይለግማል፤ ረዳቱ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲያላጋው የገባው ሰው እጅና እግር መሰብሰቡን አያይም።

ይህ ጣጣ ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆች 1899 ኒውዮርክ ውስጥ ሄንሪ ብሊስ የሚባል ሰው ከትራም እንደወረደ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ታክሲ ገጨው፤ በማግስቱ ሞተ። አሜሪካ ውስጥ በመኪና ተገጭቶ በመሞት የመጀመሪያው የሚባለው ሰው እንግዲህ ወራጅ ነበር! ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ። በሰኔ 1956 ዓ.ም. አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንጃ ስትዞር የሰው መውረጃም አብሮ ወደ ቀኝ ዞረ። ሰይቼንቶ ታክሲን የምታስታውሱ ታውቃላችሁ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚወርደው የፊቱ ወንበር ታጥፎለት፣ ጎንበስ ብሎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታና ጉዳት መዝገቡ ላይ ሲሳፈሩ ወይም ሲወርዱ ለሚደርስ ጉዳት ለብቻው መለያ ቁጥር ሰጥቶታል። ይህን ያህል የታወቀ ጉዳት ነው፤ እኛ ግን «ቸኩሎ ወደቀ» ብለን እናልፈዋለን። እኔ በዚህ አልስማማም። የወረደ ሰው አልቸኮለም፤ አስቸኮሉት።

የቤት መኪና ያላችሁም ስሙኝ። በግራ በኩል የሚከፈት በር መንገድ ላይ የተዘረጋ ብረት ነው። ሞተረኛ ወይም ብስክሌተኛ ሲመጣበት ፍሬን የሚይዝበት ጊዜ የለውም፤ በሩን ሸሽቶ ወደ ግራ ቢያጥፍ ከኋላው ያለው መኪና ያገኘዋል። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ነገሩ በቀኝ በኩልም መጥቷል። ኔዘርላንዳውያን ዘዴ አላቸው፤ በሩን አጠገቡ ባለው እጅ ሳይሆን በሩቁ እጅ ይከፍታሉ። በግራ የተቀመጠ በቀኝ እጁ ሲከፍት ትከሻው ይዞራል፣ ዓይኑም ሳይወድ ወደኋላ ያያል። እንግሊዞች ይህንኑ በ2014 ዓ.ም. የመንገድ ደንባቸው ውስጥ አስገቡት። ወጪ የለውም፤ ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ አስተምሩ።

ሾፌር ወንድሜ፣ አንተን ቅጣት እንደሚያስፈራህ አውቃለሁ፣ የቀን ገቢም ትቆጥራለህ። ቢሆንም የተፈቀደው ቦታ ድረስ ሂድና ሙሉ በሙሉ ቁም። ረዳቱም በሩን ይያዝ፣ ለአዛውንት ክንዱን ይስጥ።

የወደቀ ሰው ስታዩ ጎትታችሁ አታንሱት፤ ያበጠውን ለማሳሸትም ወደ ወጌሻ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ራጅ ይነሳ። የካቲት 12 ሆስፒታል ስድስት ኪሎ ነው፣ ቅርብ ነው። የ2005ቱ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ፣ ቁጥር 799፣ በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ያዛል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።