የካርቱም ተዋንያንና ትምህርት ቤት

የእኛው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ የተቈረቈሩት ሦስቱ ከተሞች፥ ካርቱም፥ ኦምዱርማንና ሕዝቡ ባሕሪ እያለ የሚጠራት ሰሜን ካርቱም፥ በአንድነት የሱዳን ዋና ከተማ ሆነው ይቈጠራሉ። የእነዚህ ከተሞች የቴአትር ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ በብዛት የሚወሳው የተውኔቶቹ አርእስትና የደራስያኑ ስም ነው። ተዋናዩ ግን ቀን በምን ሥራ ይውል እንደ ነበረ፥ የዕለት እንጀራውን ከየት ያገኝ እንደ ነበረ፥ ከመድረክ ሲወርድስ ወዴት ይገባ እንደ ነበረ የሚናገር ጥቂት ነው። ይህ ጥያቄ በመምህራን ማኅበር መጽሐፍ ውስጥ ስፍራ ቢያገኝ የሚያስደንቅ አይደለም፤ በካርቱም መድረክ ላይ ማታ ንጉሥ ሆኖ የሚታየው ሰው፥ ጧት ጠመኔ ይዞ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚቆም መምህር፥ ወይም በመንግሥት ቢሮ የሚሠራ ጸሐፊ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነገር ነበረና። (ዘመናቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ነገሩ የተጀመረው በዋናው ከተማ ሳይሆን በአውራጃ ነው። ከካርቱም በስተ ደቡብ በዓባይ ዳር በምትገኘው በሩፋዓ ሼክ ባቢክር በድሪ የሚባሉ ሰው ነበሩ። እኚህ ሰው በጕልምስናቸው ከማህዲስቶች ሠራዊት ጋር የዘመቱ፥ በ1889 ወደ ግብጽ በተደረገው ዘመቻ ተማርከው የቈዩ፥ በኋላም ንግድንና መምህርነትን ያጣመሩ ናቸው። በ1903 በሩፋዓ የወንዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ የሱዳን ቴአትር ታሪክ ጸሐፊዎችም ከመጀመሪያዎቹ ትርኢቶች አንዱ በዚያው ዘመን በእርሳቸው እጅ እንደ ታየ ይተርካሉ። በ1907 ደግሞ ዘጠኙን ከራሳቸው ቤተ ሰብ፥ ስምንቱን ከጎረቤት ሰብስበው በ17 ልጃገረዶች የሴቶች ትምህርት ቤት ጀመሩ። ሁለት ዓመት ቈይቶ በ1909 በነጭ ዓባይ ዳር በገጠይና ማእሙር ሆነው ይሠሩ የነበሩት ዐብዱልቃዲር ሙኽታር፥ አርእስቱ «ሱዳናዊው መሪ» እንደ ማለት የሚሆን ምክር አዘል ተውኔት አቀረቡ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፥ አንደኛው መምህር ሁለተኛው የመንግሥት ሹም መሆናቸውን ነው። ከትርኢት የሚገኝ ገንዘብ ለአንዳቸውም መተዳደሪያ አልነበረም፤ መድረኩን የፈለጉት ሕዝብ ለማስተማር ነው።

በካርቱም ከተማ ደግሞ የእንግሊዝ መኰንኖች፥ የግብጽ፥ የሶርያና የግሪክ ተወላጆች በየማኅበራቸው ለራሳቸው ይጫወቱ ነበር። ሱዳናዊው ወጣት ይህን ያየው ከውጭ ሆኖ ነው። ወደ ውስጥ የገባው በጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በኩል ነው ማለት ይቻላል። ይህ ኮሌጅ በ1902 ሲከፈት ዓላማው ለመንግሥት ሥራ የሚሆኑ ጸሐፊዎችን፥ መምህራንንና የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን ማውጣት ነበር፤ ተዋናይ ማውጣት በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። ሆኖም ተመራቂዎቹ በ1918 በኦምዱርማን የራሳቸውን ክበብ ባቋቋሙ ጊዜ ከንግግርና ከግጥም ምሽት ቀጥሎ የሚወዱት ተውኔት ሆነ። በዚያ ክበብ ትርኢት በማዘጋጀትና በመጫወት ስማቸው የሚጠራው ሳዲቅ ፈሪድ ናቸው። የሴት ገጸ ባሕርይ ሲመጣ የሚጫወተው ወንድ ነበር። ከመግቢያ የሚሰበሰበውም ገንዘብ ሕዝቡ በመዋጮ ለሚሠራቸው ትምህርት ቤቶች ይሰጥ ነበር እንጂ ተዋንያኑ አይካፈሉትም።

በ1924 የነጭ ሰንደቅ ማኅበር የነጻነት እንቅስቃሴ በኀይል ከተደመሰሰ በኋላ መንግሥቱ በተማሩት ሰዎች ላይ የነበረው እምነት ጠፋ፤ የካርቱም የጦር ትምህርት ቤትም ተዘጋ። በብዙ ሰው ፊት ቆሞ መናገር በጥርጣሬ የሚታይ ነገር ሆነ። ደመወዙን ከመንግሥት ለሚቀበል ተዋናይ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ማታ ለተናገረው ቃል ጧት በቢሮው ሊጠየቅበት ይችላልና። ተዋናዩን የሚመግበው የመንግሥት ሥራ አፉንም ይለጕም ነበር ማለት ነው፤ ይህም በሌላ አገር ያልደረሰ ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ የመጡት ደራስያን ወደ አገራቸው ትረካ ዘወር አሉ። ኻሊድ አቡ ሩስ በ1930ዎቹ መጀመሪያ «ታጁጅ»ን ጻፉ፤ ታሪኩም በሰቲት ወንዝ፥ ማለት በእኛ ተከዜ፥ ዳር ይኖሩ በነበሩት በሐምራን ነገድ ውስጥ የተፈጸመ የፍቅር ታሪክ ነው። ባለቅኔው ኢብራሂም አልዐባዲም «አልመክ ኒምር»ን ደረሱ። መክ ኒምር በ1822 የግብጹን ገዥ ልጅ እስማኤል ፓሻን በሸንዲ በእሳት አቃጥሎ ወደ ኢትዮጵያ ወሰን የሸሸው የጀዓሊን አለቃ ነው። ተውኔቱ ግን ስለ እሳቱ ሳይሆን ስለ ነገዶች ጠብና ዕርቅ የሚናገር ነው። ቋንቋቸው ሕዝቡ በየቤቱ የሚሰማው የሱዳን ዐረብኛ ስለ ሆነ ከዚህ ወዲህ ተዋናዩን ያልተማረውም ሰው ይሰማው ጀመር።

የእኛም ቴአትር ከካርቱም ጋር የሚገናኝበት አንድ መንገድ አለ። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መሪ የነበሩት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ተውኔታቸውን ያስጠኑ የነበረው ለተማሪዎቻቸው ነው። ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ «አፋጀሽኝ» የተባለውን ታላቁን ተውኔታቸውን የደረሱትም በዚያ ስደት ነው። በሁለቱ አገሮች መምህርና ተውኔት ተለያይተው አልተወለዱም። ልዩነት የመጣው በኋላ ነው፤ በአዲስ አበባ የሀገር ፍቅር ማኅበርና በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተዋንያንን በወር ደመወዝ ሲቀጥሩ፥ የካርቱም ተዋናይ ግን ከሌላ ሥራ እየተዳደረ መጫወቱን ቀጠለ።

ለዚህ ሁሉ ዋናውን ድጋፍ የሰጠው ግን ከካርቱም ወጣ ብሎ የተመሠረተ የመምህራን ማሠልጠኛ ነው። ባኽት አርሩዳ በ1934 በነጭ ዓባይ ዳር በዱዌም ከተማ አጠገብ ሲቋቋም፥ የመጀመሪያው ኀላፊ ሚስተር ግሪፊትስ መምህሩን ከከተማ ምቾት አርቀው በገጠሩ ሕዝብ መካከል ለማሠልጠን አሰቡ። እጩ መምህሩ ያስተምራል፥ አትክልት ይተክላል፥ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ይረዳል፤ ማታ ደግሞ ተውኔት ያጠናል። ከመምህራኑ አንዱ የነበሩት ዶክተር አሕመድ አልጠይብ የሼክስፒርን ተውኔቶች ለዚያ መድረክ እንዲስማሙ አድርገው አዘጋጅተዋል። ከዚያ የወጣ መምህር ወደ ኮርዶፋንም ሆነ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ በተመደበ ጊዜ የተማረውን ይዞ ይሄዳል፤ በየመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱም በሳምንት አንድ ማታ የሚሰበሰብ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ስለ ነበረ መድረክ አያጣም። እንደ ልማዱም በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ ሌላ አውራጃ ይዛወራል። መምህራን በዝውውር ብዙ ጊዜ ያማርራሉ፤ ቴአትርን በሱዳን አውራጃዎች የዘራው ግን ከዝውውር የበለጠ ሌላ ነገር የለም።

ቋሚ ቤት የተገኘው በ1959፥ በጄኔራል ዐቡድ መንግሥት ዘመን፥ የብሔራዊ ቴአትር በኦምዱርማን በዓባይ ዳር ከራዲዮ ጣቢያው አጠገብ በተከፈተ ጊዜ ነው። ጣራ የሌለው፥ ተመልካቹ በሰማይ ሥር የሚቀመጥበት መድረክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተውኔት ይልቅ ዘፈን ይታይበት ነበር። መደበኛ የተውኔት ወቅት የተጀመረው በ1967 ሲሆን፥ የመሩት አልፋኪ ዐብዱርራሕማን ናቸው፤ እርሳቸውም ሥራቸውን በመምህርነት የጀመሩ፥ በኋላም በእንግሊዝ አገር የቴአትርን ትምህርት የተማሩ ናቸው። ወቅቱ የተከፈተው ከብዙ ዓመታት በፊት በተጻፈው በ«አልመክ ኒምር» ነው። በ1969 የሙዚቃና የድራማ ተቋም በካርቱም ሲከፈት ተዋናይነት ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ሙያ ሆነ። ምስክር ወረቀቱ ግን የራሱን ደመወዝ ይዞ አልመጣም፤ ከተቋሙ የወጡት ብዙዎቹ በትምህርት ቤት፥ በራዲዮና በቴሌቪዥን ሥራ ፈለጉ።

በመድረክ ብቻ ለመኖር የደፈሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱም ይልቅ የታወቁት አልፋዲል ሰዒድ ናቸው። ሕዝቡ የሚያውቃቸው ራሳቸው ሴት ሆነው በሚጫወቷት ቢት ገዲም በምትባል ነገረኛ ባልቴት ነው። በብሔራዊ ቴአትር የመጀመሪያ ወቅቶች ካቀረቧቸው ተውኔቶች አንዱ «አክል ዔሽ» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር እንጀራ መብላት ማለት ነው። የተዋናዩን ችግር በዚህ አርእስት ከመጥራት የተሻለ አይገኝም። በኦምዱርማን አንድ ተውኔት ለጥቂት ሳምንት ቢታይ ተመልካቹ ያልቃል፤ ስለዚህ ቡድናቸውን ይዘው በአውራጃዎቹ ይዞሩ ነበር። በሰፊ አገር መዞር ደግሞ ወጪው ብዙ ነው። በየከተማው አዳራሽ ወይም ሲኒማ ቤት መከራየት፥ ፈቃድ መጠየቅ፥ ለዕቃና ለሰው ማጓጓዣ መክፈል፥ ይህ ሁሉ ከትኬት የሚወጣ ነው። ከ1983 በኋላ የሃይማኖት ሕግ ሲታወጅ፥ ከ1989 በኋላም ወታደራዊው መንግሥት በኪነ ጥበብ ላይ ሲጠነክር መድረኩ እየጠበበ ሄደ። አልፋዲል ሰዒድ ግን መዞራቸውን አልተዉም፤ በ2005 ያረፉትም በኦምዱርማን ሳይሆን በፖርት ሱዳን ነው።

የሴቶቹ መንገድ ከዚህ የከበደ ነበር፤ ሴት በመድረክ መቆሟ ራሱ ለቤተ ሰብ ነውር ሆኖ ይታይ ነበርና። የሱዳን የመጀመሪያዋ የሙያ ተዋናይት ተብለው የሚጠሩት ወይዘሮ አስያ ዐብዱልማጂድ ናቸው። የ1964ቱ የጥቅምት አብዮት ጄኔራል ዐቡድን ከሥልጣን ካወረደ በኋላ፥ በ1965 የበዓሉ መታሰቢያ ሲከበር «ባምሲካ» በተባለው ተውኔት በብሔራዊ ቴአትር ተጫወቱ፤ ስማቸውም በዚያ ታወቀ። የታላቁ ባለቅኔ የሙሐመድ አልፈይቱሪ ባለቤትም ነበሩ። በኋላ መድረኩን ትተው መምህርት ሆኑ፤ በመጨረሻ ዘመናቸውም በባሕሪ በአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ይሠሩ ነበር። ወንዶቹ ከትምህርት ቤት ወደ መድረክ ሲወጡ፥ እርሳቸው ከመድረክ ወደ ትምህርት ቤት ገቡ።

በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ፥ ብሔራዊ ቴአትር የሚገኝበት የራዲዮ ጣቢያው ሰፈር እስከ መጋቢት 2024 ድረስ የውጊያ ስፍራ ሆነ። ተዋንያኑ ከሌላው ሕዝብ ጋር ወደ ፖርት ሱዳን፥ ወደ ካይሮና ወደ ሌላም አገር ተበተኑ። ወይዘሮ አስያ ግን ከባሕሪ አልወጡም። በግንቦት 2023 መጀመሪያ በሁለቱ ወገኖች ተኵስ መካከል ተመትተው በ80 ዓመታቸው ሞቱ። ወደ መቃብር ስፍራ የሚወስደው መንገድ ተኵስ የበዛበት ስለ ሆነ ቤተ ሰባቸው አስከሬናቸውን ይዘው መሄድ አልቻሉም፤ በዚያው ቀን ይሠሩበት በነበረው የሕፃናት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ቀበሯቸው።